ዱካ

ስድስት ማመልከቻ በክላሰር ይዤ፣
ከአዘዞ በባጃጅ በጭቃ ተጉዤ፣
ፒያሳ ወረድሁኝ ጫማዬን ጠርጌ፣
ዲግሪዬን በላስቲክ ከዝናብ ሸሽጌ።

የፊተኛው ቢሮ፣ ጣሊያን የሠራው ፎቅ፣
ደረጃው የሚያቃስት፣ በሩ የሚያጣብቅ፣
ጠበቃው ከመዝገብ ዓይኑን ሳያላቅቅ፣
«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።
«የልመንህ» አልሁት፣ «የአናጢው ልመንህ።»
ስሙን እንደ ሳንቲም አገላብጦ አየና፣
«ወንበር የለንም» አለ፣ ወደ ጽሑፉ ዞረና።

ወንበር የለንም!
አባቴ ያረጀው የሰው ወንበር ሲሠራ ነው።
ያ ሰው የተቀመጠበት ሳይቀር፣
ከእግሩ አጠራረብ አወቅሁት፤ የኛ ቤት እጅ ነው።

ሁለተኛው ቢሮ «ከማን ተላክሽ?» አለ፤
ሦስተኛው ለይግባኝ ባሕር ዳር ነው፣ የለ፤
አራተኛው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣
ሻይ የሚያመላልስ፣ ሲጠሩት የሚነሣ
ሁለት ልጅ እንዳለው ነገረኝ፤ «ባይሆን ለመስከረም።»
አምስተኛውን እዚህ አልናገረውም፤
እጄን ጨብጦኝ ቶሎ አልለቀቀኝም።
ስድስተኛው በር ላይ ጓጉንቸር ነበር፤
አመሰገንሁት። ጓጉንቸር የማን ልጅ ነሽ አይልም።

ፈቃድ ለማውጣት ልምድ አምጪ ይላል ሕጉ፤
ልምድ ያላቸው ደግሞ የሚያውቁትን ፈለጉ።
ጠበቃ ልሆን ወጥቼ ጠባቂ ሆንሁ፤
በየበሩ ቆሜ፣ ቆሜ፣ ቆሜ ቀረሁ።
አያቴ ሲሟገት የኖረ ሰው ነበር፤
በቅሎው በፍርድ ብትሄድ እንቅልፉን አይነሣውም፤
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦው ግን እስኪሞት አልወጣችለትም።
የኔ ጭብጦ ስድስት ጠዋት ናት፤
ማን ዳኝቶ እንደ ወሰዳት አላውቅም።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዝናቡ ሲይዘኝ፣
«ግቢ እንጂ፣ ዲግሪሽ ሊረጥብ ነው» የሚል ድምፅ ጠራኝ።
ጋሽ አዛናው፣ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ጸሐፊ፣
መነጽራቸው በክር የታሰረ፣
ጥቁር ጥላቸው አንድ ጎኑ የተሰበረ።
«አንቀጹን ታውቂያለሽ?»
«አውቃለሁ።»
«ሰውስ?»
ዝም አልሁኝ።
«ደመወዝ የለኝም፣ ጥላ ግን አለኝ፤
ግማሹ ያንቺ ነው» አሉኝ።
«መቀመጫ ብቻ የለም።
ዱካ ካገኘሽ፣ ነገ ይዘሽ ነዪ።»

ማታ ለአባቴ ነገርሁት፤ ምንም አልተናገረ።
ከጓሮ የዋንዛ ግንዲላ አንሥቶ፣ ሲጠርብ አደረ።

ጠዋት ባጃጁ ውስጥ ዱካዬን ታቅፌ፣
በዚያ በፎቁ ደረጃ ሥር አልፌ፣
ከጥላው ግማሽ ሥር ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፣ ከጠዳ፣
ነጠላቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ የነካው።
አሥራ አንድ ባሕር ዛፍ ጎረቤት ቆርጦባቸው።
እኔ ብዕሬን አነሣሁ፦
«ከሳሽ በሕጋዊ ይዞታቸው ላይ የተፈጸመ ሁከት...»
ጋሽ አዛናው እጄን ያዙኝ።
«ቆዪ። መጀመሪያ ማን እንደ ተከላቸው ጠይቂ።»

ጠየቅሁ።
«ልጄ ነዋ» አሉ። «ክፍል ባለፈ ቁጥር አንድ ዛፍ።
አሥራ ሁለተኛውን አልተከለውም።»
ለምን እንዳልተከለ አልጠየቅሁም፤
ጋሽ አዛናውም አልጠየቁም።
ዝናቡ ብቻ ጥላውን እየደበደበ፣ እያቋረጠ
የራሱን ቃል ሰጠ።

ወረቀት አልቆብን ነበር።
ከክላሰሬ ስድስተኛዋን አወጣሁ፣
ጓጉንቸር ያልተቀበለልኝን፤
«ለሥልጠና ቦታ ስለ መጠየቅ» የሚለውን ወደ ታች ደፋሁ፤
በባዶው ጀርባዋ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ ጻፍሁ፦
«ዛፎቹ አሥራ አንድ ናቸው።»

አባቴ ቸኩሎ ነው፤ እንጨቱ ገና አልደረቀም።
እስከ ዛሬ ከጥላው ሥር ስነሣ፣
ቀሚሴ ላይ የዱካው ዱካ ይቀራል፤
ባራግፈውም አይለቅም።