ውሃ የሚያነባበት ስፌት

ሦስት ክረምት ሙሉ ባሕሩን ስስል ከረምኩ፣
«የሰማይ እንባ ነው፣ የምድር ሐር» እያልኩ።
ቀን ቀን በቺሎኤ፣ ወደቡ ላይ ቆሜ፣
ዛጎል እመዝናለሁ እስኪዝል አቅሜ፤
ማታ እጄን ታጥቤ፣ ጠረኑን አጥፍቼ፣
ብዕር እይዛለሁ መስኮቴን ከፍቼ፣
መንፈስ ቢመጣልኝ በር እንዳያጣ ብዬ፤
የገባው ዝናብ ነው። ራሰ ገበታዬ።

ኖላስኮ ጀልባ ሠሪው፣ ጎረቤቴ፣
(ከቀሩት ጥርሶቹ የሠራቸው ጀልባዎች ይበዛሉ)
አንድ እሑድ ጆሮውን አዋሰኝ።
አንብቤ ስጨርስ ያንቀላፋ መሰለኝ፤
ዓይኑን ሳይገልጥ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦
«ቀለሙስ ያምራል፤ ውሃ ቀምሷል ወይ?»
«ኧረ ገና» ስለው፣ «ነዪ እንግዲህ፣ እንይ።»

ግቢው ውስጥ አዲስ ጀልባ፣ በድጋፍ የቆመች።
ወደ ባሕር የምንገፋት መስሎኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤
እሱ ባልዲ አስጨበጠኝ።
«ውሃ ሙዪባት።»
ውሃ እንዳይገባት የተሠራች ጀልባ! ሳቄ መጣ።
ሠላሳ ባልዲ ቀዳሁ፤ ወገቤ ለሁለት ተከፈለ።
እሱ ከሥሯ ተንበርክኮ፣
ሳንቃ ከሳንቃ በተጋጠመበት
ጠብ ባለች ቁጥር፣ በጠመኔ ምልክት።
«በውጭ በኩል ሁሉም ጀልባ ደረቅ ነው፤
ሲሞላ ነው» አለኝ፣ «ስፌቱ የሚያነባው።»

ሰኞ ጽሑፌን ይዤ ሄድኩ
ዛጎል ወደሚፈለፍሉት ሴቶች።
ቢላቸውን አላስቀመጡም፤ እኔም አላስቀምጡ አላልኩም።
በጠመኔ ፈንታ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አነበብኩ።
«የሰማይ እንባ» ስል ኤርሲልያ አዛጋች። ምልክት።
«የምድር ሐር» ስል የድንች ዋጋ ተጠያየቁ። ምልክት፣ ምልክት።
ከዚያ አንዲት መስመር፣ ልሰርዛት ያሰብኳት፣
ቦታ እንድትሞላ ብቻ የተውኳት፦
«የወንድሜ ቦት ጫማ ደጃፉ ላይ ነው፤
ዝናብ ሲመጣ እናቴ ታስገባዋለች።»

ቢላዎቹ ቆሙ።
አንድ ዛጎል ከባልዲው አፍ ወደ ሲሚንቶው ሲወድቅ ተሰማ።
ክሌሜንሲያ በጓንቷ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች፣
«እሱን ድገሚው» አለች።

የቀረውን ቀደድኩት። አይ፣ ዋሸሁ፤ ሣጥን ውስጥ አለ፤
ሰው ሐሩን በአንድ ቀን አይጥልም።
ግን ማታ ማታ እጄን ሳልታጠብ እቀመጣለሁ፤
ወረቀቱም ዛጎል ዛጎል ይሽተት።
መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። መንፈስ ከመጣ ያንኳኳ።

ዛሬ የጻፍኩት አራት መስመር ነው፤
ሦስተኛው ያፈሳል።
ነገ ሰኞ ነው።