ጋቢና

ካርታው ከራት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤
ጫፍ ጫፉ እንዳይጠቀለል አራት ነገር መጣ፦
የስኳር ዕቃ፣ ቁልፍ፣ ብርቱካን፣ የተማም መነጽር።
ውጭ የሄርማታ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቆጥር
እኛ በጥቁር ባሕር ዳር በጣት እንነዳለን፤
ኬላ የለ፣ ትራፊክ የለ፣ ዝም ብለን እናልፋለን።

ካርታውን የላከችው ልጃችን ናት፣ ነጂባ፣
ቱርክ አገር የምትማር፣ ሦስተኛ ዓመቷን ልትገባ።
"ኑ" አለች በስልክ፤ "ክረምት ላይ መኪና እንከራያለን፣
መጀመሪያ ትልቁን ከተማ፣ ቤተ መንግሥቱን እናያለን…"
ተማም ስልኩን ነጠቀኝ።
"ተዪኝ ልጄ፣ ወረፋ አታሳዪኝ፤
የናፍጣ ወረፋ ላይ ነው ጠጉሬ የሸበተው።
አስጎብኚ የረሳውን ንገሪኝ፣ ስሙ በደቃቅ የተጻፈውን፣
አስፋልቱ አልቆ ጠጠር የሚጀምርበትን፣
እንግዳ ሲመጣ ውሻ የሚጮህበትን።"

ይኸው ሦስት ሳምንቱ፤ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ
ከተራራ ተራራ ሄደ፣ ተመለሰ።
እዚህ ቁልቁለት ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ ይወረዳል፤
እዚህ እንደ ውሽውሽ ሻይ ያበቅላሉ፣ ጉሙ ይከብዳል፤
እዚህ የእንጨት ድልድይ፣ ለአንድ መኪና ብቻ፤
እዚህ ማደያ የለም፣ እስከ ሸለቆው መዳረሻ።
የመንደሮቹን ስም ግን ሁለታችንም አልቻልነውም፤
ሁለት ጀሪካን እንደጫነች አህያ
ሁለት ነጥብ የጫነ ፊደል አለባቸው።
እሱ የራሱን ስም አወጣላቸው፦
ጠባቧ። ሻይ ቤቷ። ፍሬን ማቀዝቀዣ።

ፓስፖርቱ ገና ነው፣ ቀጠሮ ለሚያዝያ ሰጥተውናል፤
እኔ ግን የምይዘውን ከአሁኑ አስቤዋለሁ፦
ለምታሳድረን ሴትዮ፣ ማንም ትሁን ማን፣
አንዲት የጅማ በርጩማ፣ ሦስት እግር ያላት።
"ሻንጣ አትገባም" አለ።
"ታቅፌያት እሳፈራለሁ።"

ሻዬን እያማሰልኩ አየዋለሁ።
ሠላሳ ዓመት በኤንትሬ ሲመላለስ አውቀዋለሁ፤
ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሳጃን፣ የግቤን መጠምዘዣ
የማውቃቸው ከአፉ ነው።
እዚያ ጋቢና ውስጥ ሰባት ረዳት ተቀያየረ፣
አንዱ ሲዘፍን፣ አንዱ ሲያንኮራፋ ከጎኑ ኖረ፤
እኔ አንድ ቀን፣ ለወጉ እንኳ፣ "ግቢ" አልተባልኩም።
"ሴት አቧራውን አትችለውም" ይል ነበር።
ማን ሆነና ከሸሚዙ ሲያጥበው የነበር?

"ካርታውን የምይዘው እኔ ነኝ" አልኩት።
"ቁም ስል ትቆማለህ።"
ዝም አለ። ብርቱካኑን አነሳና መላጥ ጀመረ፤
የካርታው ጥግ ተለቀቀ፣
ባሕሩ ተጠቅልሎ መንደሮቹ ላይ ወደቀ።

እሑድ ለልምምድ የነስሩን ቪትዝ ተውሰን
በዴዶ መንገድ ወጣን።
የዴዶ ካርታ ስለሌለኝ የቱርክን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፤
ኩርባ በመጣ ቁጥር "ወደ ግራ" እላለሁ፣
መንገዱ ራሱ ወደ ግራ ነው፣ እሱም ዝም ይለኛል።
አንዱ ዳገት አናት ላይ፣ ሱቅ የሌለበት፣ ጠላ ቤት የሌለበት፣
"ቁም" አልኩ።

ዳር ያዘ። ወረደ። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ፣
ከሥር አጎንብሶ አየ፣ የለም የዘይት ጠብታ።
"ምን ሆነ?"
"ምንም።"
"ታዲያ ለምን ቆምን?"
"እንዲሁ።"

ለልማዱ ድንጋይ አንሥቷል፣ ለኋላ ጎማ ታኮ፤
የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣ ይዞት ቆመ።
"ይሄን መንገድ ስንቴ ወጥቼዋለሁ" አለ፤
"ይሄ ዛፍ የት ነበር?"

አጥር የሚጠግን ሰውዬ ከማዶ ቀና አለ።
"ወዴት ናችሁ?"
ካርታውን ከፍ አድርጌ "ቱርክ" አልኩት።
ሰውየው ካርታውን ሳይሆን ሰማዩን አየ፤
"ሩቅ ነው" አለ።
"ዝናቡ ሳይጀምር ተነሡ።"