የፈታሹ ልጅ

አባቴ ፈታሽ ነበር፤ በምድር ባቡር ዘመን፣ ለገሃር ላይ ቆሞ፣
ሻንጣ በእጁ መዝኖ፣ ስንቁን ከኮንትሮባንዱ የሚለይ አስቀድሞ።
«የከበደውን እለፈው» ይለኝ ነበር፣ «ከባድ ነገር ሐቅ አያጣም፤
የሚስቅልህን ሰው ሻንጣ ፍታ፣ ንጹሕ ሰው ለፈታሽ ጥርሱን አያወጣም።»

ዛሬ እኔም ፈታሽ ነኝ፤ ቀዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ በኮሌጁ ቢሮ፣
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ።
ወንበሩ አርባ ነው።
ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ እያመላለሰ፤
ወረቀቱ፣ ከደቻቱ የለቀምኩት ድንጋይ ተጭኖት፣ ከሥሩ እየተነፈሰ።

መመዘኛው ይኸው፦ ውጤት ሠላሳ፣ ድርሰት ሠላሳ፣
መሪነት ሃያ፣ «ለማኅበረሰቡ ያለው ፋይዳ» አሥራ አምስት።
የቀረችው አምስት ስም የላትም፤ በእርሳስ ተጽፋለች፤
ሲፈልጓት ትገኛለች፣ ሲጠይቁባት ትጠፋለች።

የድርሰቱ ጥያቄ፦ «በሕይወትህ የገጠመህን መሰናክል ጻፍ።»
ጻፉ።
ውሃው በመጣ ሌሊት ገና ያልተወለደው ሁሉ ሰው ከጎርፍ አዳነ፤
በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስንቱ ለጋ ጀግና ሆነ!
አልፈርድባቸውም።
ቁስል የሚገዛ ገበያ ከቆመ፣ የሌለውም ተበድሮ ይመጣል፤
ገበያውን ያቆምነው ደግሞ እኛው ነን።

የኪሩቤል ደምሰው ማኅደር ገና ሳልከፍተው ፈገግ አለልኝ።
ድርሰቱ ካውያ የነካው ሸሚዝ ነው፣ አንዲት መጨማደድ የለችውም።
አባቱ ለቤተ መጻሕፍታችን ጄኔሬተር ቃል ገብተዋል፤
ይህን በስብሰባው ማንም አላነሳም። መነሳትም አላስፈለገውም።

የሆዳን ዋበሪ፣ ከገንደ ቆሬ፣
ገጽ ተኩል፣ ከደብተር የተገነጠለ፣ ጥጉን ዘይት የነካው፦

«መሰናክል የለኝም። ያለኝ ጥያቄ ነው።
ታይዋን ገበያ ውስጥ ነጋዴው በሶማሊኛ ዋጋ ይጠራል፣
በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በአማርኛ ይምላል።
መሐላው ላይ ሲደርስ ቋንቋውን ለምን ቀየረ?
ሰው በየትኛው ቋንቋ ሲምል ነው የማይዋሸው?
አሥራ አንድ ሱቅ ቆጥሬያለሁ። ገና አልጨረስኩም።»

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አልማዝወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ብልህ ናት» አሉ፣ «ግን ጥያቄውን አልመለሰችም። መሪነቱስ የት አለ?»
ሙስጠፋ ኢብሮ፣ የሒሳቡ መምህር፣ ውሃውን ጨልጦ፦
«አርባውንም መሪ ካደረግናቸው፣ ተከታይ ከየት እናስመጣ? ከጅቡቲ?»
ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ሁሉም ወደ ነጥቡ ተመለሰ።

ሃያ ዘጠኝ ሰጠኋት።
አንዷን ለምን እንደነሣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰገነት ላይ ተጋድሜ፣
ራሴን ፈተሽኩ፦ የወደድኩት እሷን ነው
ወይስ በሷ ውስጥ ያየሁትን የለገሃሩን ልጅ፣
የመንገደኛ ዕቃ ሲቆጥር የዋለውን?
መዛኝ ሁሉ አንድ ጣቱ ሚዛኑ ላይ ነው፤
የእኔ ጣት ከዚያች የእርሳስ አምስት በምን ይሻላል?

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ኪሩቤል፣ ሠላሳ ስምንተኛ።
ሆዳን፣ ተጠባባቂ፣ ቁጥር ሁለት።

ረፋዱ ላይ፣ ፀሐዩ የበሩን ብረት ማጋል ሲጀምር፣
ከባጃጅ ወርዳ መጣች። ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አነበበች።
እኔም በአጋጣሚ፣ በአጋጣሚ ልበለው፣ በሩ ላይ ነበርኩ።
«ተጠባባቂ ማለት» አለችኝ፣ «የት ተቀምጦ ነው?»

ዘበኛው ኦቦ ሮባ የፕላስቲክ ወንበሩን ለቀቀላት።
አልተቀመጠችም።
ደብተሯን አወጣች፣ በጣቷ ስሞቹን አንድ በአንድ እየነካች
መቁጠር ጀመረች፤ የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ ስንት፣ የየትኛው ሰፈር ስንት።
ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ አንዳች የለም።

ፈገግ ያልኩት እኔ ነበርኩ።