ቆብ የደፋች ፊደል

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ቂርያት ጋት፣ ከገበያው በር ላይ ቆሜ
የሰው ቦርሳ ስከፍት፣ የሰው ቦርሳ ስዘጋ ከርሜ፣
ዛሬ የገዛ ሻንጣዬን አልጋ ላይ ዘርግቼ
ምን እንደሚከተት ጠፋኝ፤ ቆምኩ አፌን ከፍቼ።

ሰው ምን ይዞ እንደሚዞር እኔን ነው መጠየቅ፦
ያልተከፈለ የመብራት ወረቀት፣ ግማሽ ሙዝ፣ የሕፃን ኮፍያ፣
ክኒን ከነብልቃጡ፤
አንድም ቀን አልጠየቅኩ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ከየት እንደመጡ።
«መሣሪያ ይዘሃል?» ብቻ ነበር ቃሌ፤
«የለም» ሲሉኝ «እለፍ»፤ ይኸው ነበር ውሌ።

ሞሪያ፣ ልጄ፣ ከውትድርና ወጥታ
ቦሊቪያ «ለሦስት ወር» ብላ ሄዳ፣ ሦስት ዓመት ቆይታ፣
አሁን «አባ፣ ና» አለች፤ ትኬቱን ቆርጣለች፣
ከትኬቱም ጋራ ትእዛዝ ልካለች፦

«ፓስፖርትህን ኮፒ አድርገህ ለብቻው አስቀምጥ።
ዶላሩ አዲስ ይሁን፤ ጫፉ ከተቀደደ ማንም ሰው አይለውጥ።
የቢጫ ወባ መርፌ ተወጋ፤ ደብተሯን እንዳትጥላት።
የግፊት ክኒንህን በእጅህ ያዝ፤ ከታች የምትጫን ሻንጣ ትጠፋለች፤ አትመናት።
የሶኬት መሰኪያው ይለያል። ጥሩ ጫማ።
ሹራብ፣ ወፍራም ሹራብ! ሐምሌ እኮ እዚህ ክረምት ነው፣ አባ።»

ሐምሌ ክረምት ነው አለች!
አርባ ዓመት ሊሆነኝ ምን ቀረው፣ «ሐምሌ እሳት ነው» ሲሉኝ እሺ ስል፤
ለካ አንድ አገር ኖሯል፣ ሐምሌን ከነብርዱ ያቆየልኝ፣ ሳይጥል።

ነርሷ መርፌውን ነቅላ፣ «ከፍታው ያዞርሃል፤ ቀስ በል፤ ውሃ አብዛ» አለችኝ።
ጃናሞራ ተወልጄ! በሆዴ ሳቅኩባት፤ ልጅነቷ አሳዘነኝ።
ማታ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ደረጃውን ስወጣ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ቀረ፤ ጠበቅኩት እስኪመጣ።
ሳንባም ለካ ይረሳል።

ቋንቋውን ከሚርታ ነው፤ ከበሩ ቀጥላ ክርና አዝራር የምትሸጥ፣
ሮሳሪዮ የተወለደች፣ በምሳ ሰዓት እንጂ ቃል የማትሰጥ።
«ካሳ ማለት ቤት ነው» አለችኝ። ቤት ካሳ ከሆነስ፣ ለየትኛው ጉዳት?
ጠየቅኩ በሆዴ፤ ጻፍኩት በወረቀት።
ባኞን አላስተማረችኝም፤ ከነቤቱ አውቀው ነበር።
«ኬሶ» ብትል አይቡን፣ ቄሳችን መጡብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ሳቄን የት ልቅበር።
«ሲን ሴርዶ»፣ ያለ አሳማ፣ ይኼን መቶ ጊዜ አስባለችኝ፤
«ማኛና»፣ ነገ፣ ስትል ግን ጤፍ አሳየችኝ፦
ነጭ ማኛ።
ለነገ እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት ማነው?

«ሴኞራ» በል አለች። አልኳት።
መቀሱን አስቀምጣ አየችኝ፤ «እስቲ ድገመው።» ደገምኩላት።
«እዚህ አገር ሁሉም እዚች ድምፅ ላይ ይደናቀፋል፤ አንተ ከየት አመጣሃት?»
በደረሰኝ ጀርባ ነ ጻፍኩ፤ ከአናቷ ሰረዝ አድርጌ ቆብ ደፋሁላት፦
ኘ።
እሷም የሷን ጻፈች። ትንሽ ሞገድ ናት ቆቧ።
ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ዝናብ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሴቶች መሰሉ፣
ያገኙትን ጣል አድርገው በራሳቸው።

ስሜ አለልኝ ነው። ያኔ ስንገባ፣ መዝጋቢዋ
ለ«ኝ» የሚሆን ፊደል አጣች፤ ቸኩላም ነበር፤ ረጅም ነበር ሰልፏ።
«አለሊን» ብላ ዘጋችው።
በመታወቂያዬ፣ በደሞዜ፣ ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ፣ አለሊን ነኝ።
አለልኝ ሲባል፣ አንድ ሰው አለልኝ ነው።
አለሊን ማንም የለው።

ሚርታ በእርሳስ ጻፈችው፣ ሙሉውን፣ ከነቆቡ።
ቀሪውን ማንበብ አልችልም፤ ቆቡን ግን አየሁት፤
ዙሪያውን ቆርጬ በሻንጣዬ እጀታ አሰርኩት።

ልማድ ሆኖብኝ፣ ከዘጋሁ በኋላ እንደገና ከፈትኩ፤
ሹራቡን ገለጥኩ፣ የጫማውን ውስጥ በጣቴ ዳሰስኩ።
«መሣሪያ ይዘሃል?»
«ሠላሳ አራት ቃል።»
እለፍ።