የማን ሁለት ሰዓት?

ጅማ ዝናብ ይዟታል፤ ቆርቆሮው ያወራል፤
ጄኔሬተሩ ከጓሮ እየሳለ ያጓራል።
ሂርማታ ገበያው ሸራውን አጣጥፎ፣
የመጨረሻው ባጃጅ የአወይቱን ድልድይ አልፎ፣
እኔ ብቻ ቀረሁ ከአንድ ጥቁር መስኮት ፊት፤
ብልጭ ድርግም ትላለች አንዲት ነጭ ጭረት።
ሥዕል የለው፣ አዝራር የለው፣ «ይህን ተጫን» አይልም፤
አንተ ካልጻፍክለት ቃል አይተነፍስም።

ሥራው ቀላል ነበር። ሲስተር መኪያ መጥታ፣
ከበሩ ላይ ቆማ፣ ጃንጥላዋን ዘግታ፣
«የሳንባ መድኃኒት የጀመሩት ሰዎች
አርባ አንድ ናቸው» አለች፣ «አርባ አንድ ስልኮች።
ስድስት ወር ረጅም ነው። ሰው ትንሽ ሲሻለው
ክኒኑን ይተዋል፣ ሕመሙ እስኪጥለው።
በየቀኑ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣
መልእክት ላክላቸው፤ ማሽን ይደክማል ወይ?»

ክሮን ይሉታል ስሙን። ቋንቋው አምስት ቃል ነው፦
ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው።
ግድ በሌለህ ቦታ ኮከብ ታኖራለህ፤
ኮከብ ማለት «ሁሌም»፣ ኮከብ ማለት «ይሁንልህ»።
አጎቴ አጋሮ ላይ ኮከብ ቆጣሪ ነበር፤
ስምን ከእናት ስም ጋር ደምሮ ሲቆጥር፣
ለአሥራ ሁለት ገድፎ ዕጣህን ሲነግር።
ያፈርኩበትን ሙያ ወረስኩ በዚህች አዳር፣
ኮከብ እየደረደርኩ ቀን ልቆርጥ፣ ቀን ልቀጥር።

ለሙከራ ብዬ አምስቱንም ኮከብ ሞላሁ፤
ደግነቱ ቁጥሩ የራሴ ነው። ወዲያው አየሁ፦
በየደቂቃው ኪሴ ውስጥ ይጮኻል፤
«ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ።» ይጮኻል። ይጮኻል።
ዘጠኝ ጊዜ ታዘዝኩ፣ አንድም ሳላመም፤
ሳቄን ይዤ አጠፋሁት፣ ጻፍኩ እንደገና ደግሜም፦

ዜሮ፣ ሁለት፣ ኮከብ፣ ኮከብ፣ ኮከብ።

አስቀመጥኩት። ዝም አለ።
የዚህ ቤት ዝምታ «እሺ» ማለት ነው።
መብራቱን አጥፍቼ፣ የክሊኒኩን ስልክ ይዤ፣
ጭቃውን እየዘለልኩ ኮቺ ገባሁ።

በዚያው ሌሊት ስልኩ ጮኸ።
«ሁለት ሰዓት ሆኗል ይላል ይሄ ጽሑፍ።
ዶሮ እንኳ አልተነፈሰ፣ ለሱብሂም ገና ነው።
የማን ሁለት ሰዓት?»
አባ ፊጣ ናቸው፣ ከሰቃ።
ግድግዳዬን አየሁ፦ ከሌሊቱ ስምንት።

ለካ እሱ ቀኑን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣
ማንም ሳያየው፣ በጨለማ፤
እኛ ደግሞ ፀሐይ ሳትወጣ
አንድ ብለን አንቆጥርም።
አርባ አንድ ቤት ቀሰቀስኩ፣
አርባ አንድ ሳል።

ይቅርታ ልላቸው ስል «ተወው» አሉ፣ «ዋጥኩት።
ውሃው ቀዘቀዘኝ እንጂ ምንም አልሆንኩ።
ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ክኒንህን ዋጥክ ያለኝ የለም፤
ስልኩ ሲጮህ፣ ሰው አስታወሰኝ ብዬ ነበር።
ሰው ነህ አይደል?»

ዝናቡ በመካከላችን ወረደ።
«ሰው ነኝ» አልኳቸው።

ሲነጋ ሁለቱን ሰርዤ ስምንት ጻፍኩ፤
የሱ ስምንት የኛ ሁለት ነው፤ እንዲህ ታረቅን።
መኪያ ሳቀች፤ ከዚያ መዝገቧን ገልጣ
«የአባ ፊጣ መጨረሻ ጳጉሜን ሦስት ነው» አለች።
በወሩ ቦታ አሥራ ሦስት ብዬ ሞከርኩት፤
«የማይታወቅ ወር» ብሎ መለሰልኝ።
አልፈረድኩበትም፤
አሥራ ሦስተኛ ወር ያለበት አገር አልተወለደ።

ከፋይሉ ግርጌ፣ ማሽኑ በማያነባት መስመር፣
ካርድ ስንሞላ የምንጫናትን መሰላል ከፊቷ አቁሜ፣
ለራሴ ጻፍኩ፦
«አባ ፊጣ። ጳጉሜን ሦስት። አንተ ደውል።»