ሦስተኛ ወገን

ሞተሯን የሸጠልኝ አንድ የሰቃ ማር ነጋዴ ነው፤
መቀመጫዋ ሰም ሰም ይሸታል፣ ዝናብም የማያጥበው።
«ገና ለማጅ ነኝ» ብለው፣ ቁልፏን መዳፌ ላይ አኑሮ
«ማን ሳይወድቅ ተማረ?» አለኝ፣ ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ።

ዛኪር፣ የመርካቶው ሰሌዳ ጸሐፊ፣
የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ቀይ ቀለሙን በጠበጠ፤
«ለማጅ» ሊል ጀመረና «ለ»ን አለቅጥ አሳበጠ፤
ቆርቆሮው እዚያው አለቀ።
«የሚገባው ይገባዋል» አለና ብሩሹን አጥቦ ሳቀ።
እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ በአንዲት ፊደል የምዞረው፤
ለማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ፣ ከኋላዬ ያለ ይጨርሰው።

ፈረንጅ አራዳ፣ ከስፖንጅ ፍራሽ ሱቁ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
መድን ይሸጣል።
ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሄልሜቴን እንዳረገዘች ሴት ሆዴ ላይ አቅፌ ወጣሁ።
ሂንዲያ ሁለት ወረቀት ዘረጋችልኝ።
አንዱ ሙሉ ዋስትና፣ ሰፊ፣ ማኅተሙ የሚያምር፤
ከሌባ፣ ከእሳት፣ ከግጭት፣ ሞተሯን ከነመስታወቷ የሚያስከብር፤
ዋጋው ግን ደሞዜን አይቶ የሚስቅ።
ደግሞም አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣
«መንጃ ፈቃድ የሌለው ሲነዳ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም» ይላል።
«እኔስ? የመለማመጃ ወረቀት ብቻ ነው ያለኝ።»
«አንቺማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለፈቃድ አብሮሽ ካልሄደ
ሙሉው ጎዶሎ ነው።»
እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅምና ወደድኳት።

ሌላው ወረቀት ቀጭን ነው፤ ግዴታ፣ ትራፊክ የሚጠይቀው፦
«የሦስተኛ ወገን።»
«ቆይ፣ ማነው እሱ?»
በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረገች፤
«አንደኛ አንቺ። ሁለተኛ እኛ።
ሦስተኛ… የማታውቂው ሰው።»

ከነገ ወዲያ የማገኘው፣ ስሙን ያልነገረኝ ወገን!
አዌቱ ድልድይ ላይ ጎመን አዝላ የምታዘግመው፣
ከቦሳ ቂጦ አሮጌ ጎማ እየገፋ የሚበረው፣
ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስልኩ ውስጥ ገብቶ የቀረው።
«ጥጃስ?» አልኳት፤ የከብት ሐኪም ነኝና ልማድ አይለቅም።
«ጥጃ ንብረት ነው፤ ንብረት ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ አንከፍልም።»

ይሄን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ።
ጊንጆ ላይ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት፣ እግሩን የሰበረው ልጅ፣
ሞተር የተዋሰ፣ ዋስ የሌለው፣ ጢም እንኳ ያላወጣ፣
ሽማግሌ ተቀምጦ «በየወሩ ይክፈል» ተብሎ
ሁለት ዓርብ ብርቱካን ይዞ መጣ።
በሦስተኛው ቀረ።
እናቴ ስትረግመው፣ አባቴ እግሩን ትራስ ላይ እንደሰቀለ
«ተይው» አላት፤ «የሸሸው እኔን አይደለም፣ ሂሳቡን ነው።
ሂሳቡን የሚይዝለት ቢኖር ብርቱካኑ አይቀርብኝም ነበር።»
ለካ እኛም፣ መጠሪያችንን ሳናውቀው፣
ሦስተኛ ወገን ነበርን።

«ሙሉው ይቅርብኝ» አልኳት። «የቀጭኑን ጣሪያ ከፍ አድርጊልኝ፤
የሚጨመረውን እጨምራለሁ።
ሞተሯ ብትወድቅ ከነማር ጠረኗ ትውደቅ፤
እኔ እንደሁ በሬ የሚሰፋ መርፌ አለኝ።»
ሂንዲያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ማኅተሙን እፍ ብላ መታችው።

ስወርድ ካፊያ ጀምሯል።
ባለፈቃዱ ዛኪር ከኋላዬ ተፈናጦ ዱዓውን ያጉረመርማል።
ድልድዩ ጋ አንድ አዛውንት፣ የጃንጥላቸው አንድ ክንፍ የተሰበረ፣
መሐል መንገድ ላይ ቆመው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።
ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ክላቹን ረሳሁ፤ እንደ ለማጅ ወግ ሞተሯ ጠፋች።
እሳቸው አላዩኝም።
እንደከፈልኩላቸውም አያውቁም።

ከኋላ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ለቀቀው፤
ሾፌሩ አንገቱን አወጣ፣ ቆርቆሮዬን አነበበና
«ለ…» አለ፣ «ለምን አትሄጂም!»