ላም አለኝ በፒያሳ

ከአዘዞ ጋራዥ ማዶ፣ በደሳለው ሉካንዳ፣
ላም ሣልሁ በሩ ላይ፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ዕዳ።
ቀለሙ ሳያልቅብኝ ልጨርስ ስቸኩል፣
አምስት እግር አበቀለች፤ ጆሮዋም አልሆን አለ እኩል።
ከላይዋ መንጠቆ፣ ከጎኗ ቢላዋ፣
ሠርግ የተጠራች ይመስል ነበር ፈገግታዋ።

ሰባት ዓመት ሳቀች፣
ሁዳዴም ሲገባ፣ ፋሲካም ሲመጣ፣
የባጃጅ ጭስ ጠጥታ።

ከጎንደር መጣች ሐረገወይን፣ ሥዕል የምታስተምር፣
ካሜራዋን አንግታ፣ ስትስቅ፣ ስትመረምር።
«ማነው የሣላት?» አለች። ጥፋት የተገኘብኝ መሰለኝ፤
«ሰውየው ሞቷል» ልል ስል ደሳለው ቀድሞ ጠቆመኝ።
«አደራ» አለችኝ፣ «ማንም እንዳያስተምርህ፤
ተማሪዎቼ አራት ዓመት ለፍተው ያጡት ሞኝነት አለህ።»

ሞኝ መባሌን ለዘርፌ በኩራት ነገርኋት፤
«እኔ ስልህ ትቆጣ የለ?» አለች፣ ሳቅ አፈናት።

በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው ፒያሳ ወሰዱት፣
ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከመብራት ሥር ሰቀሉት።

ደሳለው አዲስ በር አሠራና፣ «ያችኑ ድገምልኝ» አለ።
አሁን ተደላድዬ ተቀመጥሁ፤
አምስተኛዋን እግር አስቤ ሣልሁ፣
ጆሮዋን ለማጣመም በማስመሪያ ለካሁ።
ራቅ ብሎ አያት፣ ቀረብ ብሎ አያት፤
«ይቺኛዋን» አለኝ፣ «ስለ ቢላዋው ሰው ነግሯታል፤ አጥፋት።»

በግራ እጄ ሞከርሁ። ሦስት ቀን ደህና አበላሸ፤
በአራተኛው እሱም ተማረ፣ ነገር ተበላሸ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ጣሪያውን አንጋጥጬ አየሁ፤
እነዚያ መላእክት በዓይናቸው ሲከተሉኝ፣
የሣላቸውን ሰው «ተላላነትህ ያምራል» ያለው
ይኖር ይሆን እያልሁ
አንገቴ እስኪያመኝ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ ዕለት ፒያሳ ወጣሁ።
ላም አለኝ በፒያሳ፣
አሥር ብር ከፍዬ የማያት፣ በገመድ ታጥራ፤
ጠባቂው «አትጠጋ» አለኝ፣ እጄን አይቶ በጎሪጥ፣
ጥፍሬ ውስጥ የእሷው ቀለም እንዳለ፣ ቡናማው ሳይለቅ።
ሰዎች ዙሪያዋን ቆመው አገጫቸውን ይዘዋል፤
አንዱ «ፈገግታው ፌዝ ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ሐዘን ነው» ይላል።
እኔ የማውቀው
ቀለሙ ሊያልቅ እንደነበር ነው።

እሷ ግን አምስት እግሯን ዘርግታ፣
እዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ቆማ፣
እንዲያው ትስቃለች፣
ሥነ ጥበብ መሆኗን ገና ሳትሰማ።